የአንዲት ባለሃምሳ ወንበር ጄት የአገልግሎት ታሪክ፣ ሥጋና አጥንቱ ተጨምሮበት

ለክቡር የአየር ትራንስፖርት ደህንነት ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። ጤንነት ስል እንደ ወጉ በጥቅሉ ሳይሆን በዝርዝር ነው፤ ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ አሥሩም ጣቶችዎ በየቦታቸው ሆነው እንዲቀበሉት፣ ሁለቱም ዓይኖችዎ እንዲያነቡት፣ የጀርባ አጥንትዎ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ሆኖ ወንበርዎ ላይ እንዲያስቀምጥዎ፣ መንጋጋዎም ያለ ሽቦ እርዳታ እንዲከፈትና እንዲዘጋ ከልብ እመኛለሁ። ምኞቴ ከተለመደው የበዛ ከመሰለዎ፣ ከታች የማቀርበውን ካነበቡ በኋላ ቆጥቤ እንደተመኘሁልዎ ይረዱልኛል።

እኔ በአየር መንገዱ የቴክኒክ ሰነዶች ክፍል መዝገብ ያዥ ነኝ። ክፍላችን ከሃንጋሩ ጋር በአንዲት የብረት በር የምትገናኝ፣ ሁለት ረጃጅም መደርደሪያዎችና አንድ ጠረጴዛ ያሉባት ጠባብ ክፍል ናት። አውሮፕላኖቹ የታመሙትን፣ የተቆረጠላቸውንና የተቀጠለላቸውን ሁሉ የያዙ ዶሴዎች እዚያ ይቀመጣሉ። ከሁሉም የሚወፍረው የአንዲት ባለሃምሳ ወንበር አነስተኛ ጄት ዶሴ ነው። ቴክኒሽያኖቹ ሁሉንም ሰው ደጅ ስለምታስጠና «እሜቴ» ይሏታል።

መሥሪያ ቤትዎ ስለ እሜቴ አደጋ ባለፈው ወር ያወጣውን ባለስምንት ገጽ የምርመራ ሪፖርት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ለመረዳት፣ ሁለተኛ ለማመን፣ ሦስተኛ ደግሞ ሰው የሚባል ነገር የት ገጽ ላይ እንዳለ ለመፈለግ። ያገኘሁት ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መጨረሻው ገጽ ላይ፣ እንዲህ ተብሎ፦ «አደጋው የደረሰው የበረራ አስተናጋጇ ምንም ዓይነት ሥርዓት ሳትከተል በሩን በመክፈቷ ነው።» በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የተነሳ የሃያ ዘጠኝ ዓመቷ አስተናጋጅ የፊታችን ሐሙስ ጠዋት በቸልተኝነት ሰው በመግደል ወንጀል ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ትቀርባለች ስል ትሄዳለች ማለቴ አይደለም። በአልጋ ይወስዷታል።

ክቡርነትዎን የማመሰግንባቸው ነገሮች ብዙ ስለሆኑ፣ ምስጋናው እርስ በርሱ እንዳይረጋገጥብኝ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

አንደኛ፣ እሜቴ እኛ ጋ ያሳለፈችውን የአሥራ አንድ ዓመት የአገልግሎት ታሪክ በግማሽ ገጽ ስለጨረሱት አመሰግናለሁ። ሁለት ሌሎች አየር መንገዶችን አገልግላ ወደ እኛ መምጣቷን፣ ስንት ሺህ ጊዜ ተነስታ ስንት ሺህ ጊዜ እንዳረፈች ከዘረዘሩ በኋላ «በአገልግሎት ዘመኗ ይህ ነው የሚባል ከባድ ችግር አላጋጠማትም» ብለው ዘግተውታል። ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ነው፤ እሷን አላጋጠማትም። ያጋጠመው በዙሪያዋ የነበሩትን ነው።

እኛ ጋ በመጣች በዘጠነኛው ቀን ጎማ ሠራተኛው ሃንጋሩ ጥግ ተንበርክኮ የቀኝ ጎማዋን ሲነፋ፣ የመንፊያው መለኪያ መርፌ ደርቆ ቆሞ ስለነበር፣ ጎማው ሞልቶ ተርፎ ፈነዳ። ቸርኬው ለሁለት ተሰነጠቀና አንዱ ግማሽ የሰውየውን ቀኝ እጅ ሦስት ጣቶች ይዞ በቆርቆሮው ግድግዳ ወጣ፤ ውጭ የቆመ የነዳጅ መኪና በር ላይ ተሰክቶ ነው ያረፈው። ባልደረቦቹ በደረታቸው እየተሳቡ ከመሣሪያ ሣጥኖች ሥር ጣቶቹን ፈለጉ፤ ሁለቱ ተገኙ። በዚያ ቀን መዝገቧ ላይ የሰፈረው ቃል በሙሉ ይኸው ነው፦ «የቀኝ ዋና ጎማ ተቀይሯል። ተፈትሾ ደህና ሆኗል።» ሰውየው ዛሬ የመለዋወጫ መጋዘን መስኮት ላይ ይሠራል። ስምንት ብሎን የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ «ከሰባት በላይ ከሆነ ቆይ ጓደኛ ልጥራ» ይላል። የሚስቀው እሱ ብቻ ነው፤ እኛ ብሎኑን ይዘን እንሄዳለን።

ሁለተኛ፣ ስለ ዓይን አመሰግናለሁ። በሦስተኛው ዓመት የፊት መስታወቷ ላይ የፀጉር ክር የሚያህል ስንጥቅ ታየና «ይቆይ» ተባለ። ቆየ። ከሳምንት በኋላ ደመና ውስጥ ስትወርድ በረዶ ሲወርድባት መስታወቱ ወደ ውስጥ ተፈርክሶ የረዳት አብራሪው ግራ ዓይን ፈሰሰ። ካፒቴኑ በአንድ እጁ ጄቷን፣ በሌላው በሥቃይ የሚንፈራገጠውን ባልደረባውን አንቆ ይዞ አሳረፋት። መዝገቡ፦ «የፊት መስታወት ተቀይሯል። ወንበር ታጥቧል። ደህና ሆኗል።» ወንበሩ ከምን እንደታጠበ የሚጻፍበት ዓምድ ቅጹ ላይ ስለሌለ፣ እኔም ልክ እንደ መሥሪያ ቤትዎ ዝም አልኩ።

ሦስተኛ፣ በስድስተኛው ዓመት መንገደኞች በዝግ ጄት ውስጥ፣ በቀትር፣ ያለ ማቀዝቀዣ አራት ሰዓት ታግተው እርስ በርስ ሲደባደቡ፣ አንዱ የሌላውን ግንባር በዕቃ ማስቀመጫው ክዳን ሲተረትር፣ የትኬት ሠራተኛውም ሊያረጋጋቸው ገብቶ ሁለት የፊት ጥርሱን ወለሉ ላይ ትቶ ሲወጣ፣ መሥሪያ ቤትዎ በዚያው ወር ለአየር መንገዱ የደህንነት ባህል የምስክር ወረቀት ስለሰጠ አመሰግናለሁ። የምስክር ወረቀቱ በመስታወት ተሰቅሏል። መዝገቡ «የዕቃ ማስቀመጫ ክዳን ተጠግኗል» ይላል። ስለ ጥርሶቹ የሚያውቀው የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ትዕግስትዎ ሊያልቅ እንደሚችል እገምታለሁ። ሊያልቅ አይገባም፤ ከአራተኛው ቁጥር ጀምሮ ያለው በቀጥታ እርስዎን ይመለከታል።

አራተኛ፣ ስለ ቫልቩ አመሰግናለሁ። ይህን ደብዳቤ እርስዎ ብቻ ስለማያነቡት ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ፤ እርስዎ እንደለመዱት ሊዘሉት ይችላሉ። አውሮፕላን ከፍ ሲል ሰው እንዲተነፍስ ሆዱ እንደ ጎማ በአየር ይነፋል። ሲወርድ ያ አየር በጅራቱ በኩል ባለ ማስወጫ ቫልቭ ቀስ ብሎ ይወጣል። ቫልቩ ከተነከሰ፣ ማለትም ተጣብቆ አልከፈት ካለ ግን አውሮፕላኑ እንደተነፋ ያርፋል። የእሜቴ በር ደግሞ ደረጃው ከውስጡ የተሠራ፣ ወደ ውጭና ወደ ታች የሚዘረጋ ከባድ በር ነው፤ እንደተነፋች በሩን የነካ ሰው የነካው በር ሳይሆን የመድፍ ቃታ ነው።

ቫልቩ ተነከሰ። ደንቡ እንዲህ ያለ ብልሽት ቢጫ ወረቀት ተለጥፎበት አሥር ቀን ሊቆይ እንደሚችል፣ በአሥረኛው ቀን ካልተጠገነ ግን ጄቷ እንድትቆም ያዛል። አዲሱ ቫልቭ «መንገድ ላይ ነው» ተባለ፤ የትኛው መንገድ እንደሆነ አልተነገረንም። የጥገና ኃላፊያችን ማንም ጥያቄ ይዞ ቢመጣ «ይቻላል» ስለሚል ስሙ ይቻላል ሆኖ ቀርቷል። እሱም መላ አገኘ። እሜቴ አጠገቧ የምትቆም አንዲት መንትያ ጄት አለቻት። በአሥረኛው ቀን የተበላሸው ቫልቭ ከእሜቴ ተፈትቶ ለመንትያዋ ይገባል፣ የመንትያዋ ደህና ቫልቭ ለእሜቴ ይገባል። የእሜቴ ቢጫ ወረቀት «ተቀይሯል» ተብሎ ይዘጋል። መንትያዋ ላይ ደግሞ አዲስ ብልሽት «ይገኛል»፤ አዲስ ቢጫ ወረቀት፣ አዲስ አሥር ቀን። በአሥረኛው ቀን እንደገና መልስ። ሠራተኛው ይህን «ማደጎ» ይለው ነበር። አንድ የሞተ ቫልቭ በሁለት እናቶች መካከል ሠላሳ ስምንት ጊዜ ማደጎ ሄደ፤ በወረቀት ላይ አንድም ጊዜ ከአሥር ቀን በላይ አርጅቶ አያውቅም።

ቫልቩን እየፈታ የሚያስረው የሃንጋሩ አንጋፋ መካኒክ ነበር። ጆሮውን ብረት ላይ ለጥፎ ሕመሙን ስለሚያውቅ «ዶክተር» እንለዋለን። አንድ ቀን የተፈታውን ቫልቭ አቅፎ ወደ ክፍሌ ገባና የጥገና ኃላፊው ፊት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው።

«ይሄ እኮ ሞቷል፤ ሬሳ ነው የምታዞሩኝ!»

«አንተ ደግሞ ነገር ማክበድ ትወዳለህ፤ አሥር ቀን መች ሞላው?»

«እኮ፣ መቼ ነው የሚሞላው?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ፣ መዝገብ ቤቱ ይኸው አጠገብህ።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ዶሴውን ከፈትኩና «ዘጠነኛ ቀኑ ነው» አልኩ። ውሸት አልነበረም። ዶክተር ቫልቩን እንደገና አቅፎ «አንተም አለህበት ማለት ነው፣ ወንድሜ» ብሎ ወጣ። ሠላሳ ስምንቱም ቢጫ ወረቀቶች ላይ «ተመርምሮ ተቀምጧል» የሚል የእኔ ማኅተም አለ። ስለ ማስቀመጡ እምላለሁ።

ከዚያ መንትያዋ ደህናውን ቫልቭ እንደያዘች ለሞተር ጥገና ውጭ አገር ሄዳ እዚያው ለወራት ተኛች፤ ቫልቩ ማደጎ የሚሄድበት ቤት አጣ። የጥገና ኃላፊው ለመሥሪያ ቤትዎ የማራዘሚያ ጥያቄ ጻፈ። መልሱ በአሥራ ሰባት ደቂቃ ውስጥ መጣ፤ የምሣ ዕቃዬን አጥቤ ሳልጨርስ። «ለመጨረሻ ጊዜ አሥር ቀን ተፈቅዷል» ይላል፣ ከታች የክቡርነትዎ ፊርማ አለ። ከአሥር ቀን በኋላ ሁለተኛው «ለመጨረሻ ጊዜ» መጣ። ከዚያ ሦስተኛው። ከዚያ አራተኛው። አንድ ሰው አራት የመጨረሻ ጊዜ እንዲኖረው መታደል ነው፤ ዶክተር አንድ ብቻ ነበረው። እሱም በአራተኛው ማራዘሚያ ስድስተኛ ቀን ላይ ዋለ።

አምስተኛ፣ «ምንም ዓይነት ሥርዓት ሳትከተል» ስለሚለው ሐረግ አመሰግናለሁ፤ ያልጻፋችሁትን ሥርዓት እንድጽፍ ዕድል ሰጥቶኛል።

በሩ አጠገብ፣ አስተናጋጇ በምትቆምበት ቦታ፣ ውስጥ አየር መኖር አለመኖሩን የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ ነበር። ከተነቀለ ቆይቷል፤ ቦታው በተለጣፊ ወረቀት ተሸፍኗል። ስለዚህ ዶክተር የራሱን ሥርዓት አበጀ። እሜቴ አርፋ ስትቆም ከበሩ ሥር ይገባል፤ ከበሩ ጎን ያለች የጣት ስፋት ያላት የአየር መተንፈሻ ክዳን ስቦ ጆሮውን ያስጠጋል። የሚያፏጭ አየር ካለ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ፀጥ ካለ በሩን በመዳፉ ሁለቴ ይመታል። አስተናጋጇም ሁለት ምት ስትሰማ ትከፍታለች። ሁለት ምት ማለት «ክፈቺ»፣ ዝምታ ማለት «ጠብቂ»። በየትኛውም መመሪያ ላይ የለም፤ ነገር ግን ከአራት መቶ ቀን በላይ ሃምሳ ሃምሳ ሰው በሰላም አውርዷል። እሷ ሁልጊዜ ደረጃው ሲዘረጋ ቀድማ ብቅ ብላ «ጋሼ፣ ዛሬስ አተነፈሰች?» ትለዋለች። እሱም «አንቺ ልጅ፣ እኔ ሳልመታ እጀታውን ብትነኪ እጅሽን ነው የምሰብረው!» ይላታል። በዚህ ተሳስቀው ቦርሳዋን ተቀብሎ ያወርድላታል።

ክቡርነትዎ አንድ ነገር ያስተውሉልኝ፤ ለ«አትክፈቺ» የሚሆን ምት አልነበራቸውም። አያስፈልግም ነበር፤ ዝምታ ይበቃ ነበር።

በዚያ ስድስተኛ ቀን፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ እሜቴ አርባ ሰባት መንገደኞች ይዛ ተነሳች። ሃያ ደቂቃ ሳትበር ከኋላ ጭስ ገባ፤ ተመልሳ አረፈች፤ ከሃንጋራችን ሁለት መቶ ሜትር ላይ ቆመች። ጭሱ የመጣው ከሻይ ውሃ ማፍያው ገመድ ነበር፤ ማፍያው ሲጠፋ እሱም ጠፍቷል፤ የሚቃጠል ሰው አልነበረም። ውስጥ ያሉት ግን ይህን አያውቁም። ካፒቴኑ ከፊት ሞተር ለማጥፋት ይታገላል። አስተናጋጇ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ ክንዶቿን ዘርግታ ቆማለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን የድምፅ መቅረጫው ይዞታል፤ ሪፖርትዎም «በካቢኑ ውስጥ መጠነኛ መጨናነቅ ነበር» ይለዋል። መጠነኛው መጨናነቅ ይህ ነው፦

«ክፈቺው አንቺ! ልንቃጠል ነው!»

«ትንሽ ታገሱኝ፣ አሁን ይመታሉ፣ ታገሱኝ…»

«ማን ነው የሚመታው? እኔ ነኝ የምመታሽ!»

መታትም። አንዱ ጉሮሮዋን በክርኑ ተጫናት። ሌላዋ ፀጉሯን ጠቅልላ ይዛ ወደ ጎን ጎተተቻት፤ ከጭንቅላቷ ቆዳው ጋር የተነሳው ፀጉር በኋላ መቀመጫ ላይ ተገኝቷል። አንድ ጎልማሳ ከሥር እግሯን ረገጠላት። አርባ አንድ ሰከንድ በዚህ ሁኔታ በሩን በጀርባዋ ዘግታ ቆመች። አርባ አንድ ሰከንድ አጭር ከመሰለዎ፣ ክቡር ሆይ፣ ጸሐፊዎ ጉሮሮዎን በክርን ተጭኖ በሰዓት ይለካልዎት።

በዚህ መካከል ዶክተር ሁለት መቶውን ሜትር ሮጦ ደረሰ። ክዳኗን ሳበ፤ አየሩ እንደ ፉጨት ሳይሆን እንደ ጩኸት ወጣ፤ እኔ ሃንጋሩ በር ላይ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ቀና ሲል እጀታው ሲንቀሳቀስ አየ፤ አንድ መንገደኛ በትከሻዋ ላይ ዘሎ ይዞት ነበር። ዶክተር የሚያደርገውን አጣ። ዝም ማለት የእሱ «ጠብቂ» ነበር፤ ዝም ቢል ግን ከውስጥ ያሉት ሊከፍቱት ነው። ስለዚህ ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ በሁለት ቡጢው በሩን እየደበደበ «አትክፈቺ! አንቺ ልጅ፣ አትክፈቺ!» ብሎ ጮኸ።

ድምፁ በዚያ ወፍራም በርና በዚያ ሁሉ ኡኡታ አላለፈም። ቡጢው ግን አለፈ። መቅረጫው ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል፦ ዱም፣ ዱም። ከዚያ የእሷ ድምፅ፣ እፎይ ያለ፣ «መቱ! መቱልኝ!»። ከዚያ ሌላ ነገር የለም።

በሩ ከነደረጃው በአንድ ጊዜ ወጣ። ዶክተርን ደረቱና ፊቱ ላይ አግኝቶ፣ ከኮንክሪቱ ጋር አጣብቆ ቆመ። ሪፖርትዎ «ለሕይወት አስጊ የሆነ የጭንቅላት ጉዳት» ይላል። አስጊ የሚባለው ማዳን ሲቻል ነው፤ እኔ የቀረብኩት ሰው ከአገጩ በላይ የሚታወቅ ነገር አልነበረውም፤ ዶክተር መሆኑን ያወቅኩት በሱሪ ኪሱ ካለው የእጅ ባትሪ ነው። እሷን አየሩ ከበሩ በላይ አሻግሮ ስምንት ሜትር ወረወራት፤ በጀርባዋ ወደቀች፤ የአጥንቱ ድምፅ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ነው። ከእሷ ቀጥሎ ሦስት መንገደኞች እላይዋ ላይ ወረዱ። ከሥራቸው ሳወጣት መንጋጋዋ ከቦታው ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ዓይኗን ከበሩ ላይ ሳትነቅል፣ በደም መካከል፣ ደግማ ደጋግማ አንድ ነገር ለማለት ሞከረች። ጆሮዬን አስጠጋሁ። «ሁለቴ» ነበር የምትለው። «ሁለቴ… ሁለቴ መቱልኝ…»

እግዚአብሔር ያውቃል፣ ክቡር ሆይ፣ ይህ ሥርዓት መከተል ነው። ተደብድባም፣ ታንቃም፣ የሚያስከፍታት ሥርዓት እስኪደርስ በሩን አልለቀቀችም። የተከተለችውን ሥርዓት ዶክተር የፈጠረው እናንተ ባራዘማችሁት ብልሽት ምክንያት ነው። ሰውየውም የሞተው በገዛ ሥርዓቱ ነው፤ የእናንተ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ በሞተ።

በማግስቱ የእሜቴን መዝገብ አነሳሁ፦ «ዋና በር ተቀይሯል። ተፈትሾ ደህና ሆኗል።»

ስድስተኛ፣ ሆስፒታል ድረስ መርማሪ ስለላኩ አመሰግናለሁ። ትሑት ሰው ነው አሉ፤ ጫማውን በር ላይ ጠርጎ ነው የገባው። አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብሎ አሥራ አምስት ጥያቄዎችን አንድ በአንድ አነበበላት። መንጋጋዋ ከላይ እስከ ታች በሽቦ የታሰረ ነበር። ብዕር እንዲሰጣት እጇን አነሳች። እናቷ የሆነውን ሲነግሩኝ «እጇን ስታነሳ ጊዜ፣ የሰው ልጅ፣ እሱም እጁን አነሳላትና ደህና ዋይ ብሎ ወጣ» አሉ። ሪፖርትዎ ገጽ ስድስት ላይ «ተጠርጣሪዋ ለቀረቡላት ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆነችም» ይላል። እኚሁ እናት ሪፖርቱን ለልጃቸው እንዳነብላት ጠየቁኝ። እምቢ አልኩ። ግን ከእኔ በፊት አንብባው ኖሯል፤ ትራሷ ላይ ባለው ደብተር በእርሳስ የጻፈችውን አሳየችኝ፦ «እኔ ነኝ የገደልኳቸው?»

ክቡር ሆይ፣ ሐሙስ የሚወሰነው ይህ ጥያቄ ነው። ዳኛው ከእርስዎ ሪፖርት ሌላ የሚያነቡት ከሌለ መልሱ አዎ ነው፤ እሷም ዕድሜ ልኳን አዎ እንዳለች ትኖራለች።

ሰባተኛና የመጨረሻው፣ ገጽ ሦስት ላይ «የቫልቩ ብልሽት ከታወቀ ስድስተኛ ቀኑ ነበር» ስላሉ አመሰግናለሁ፤ ሥራ ሰጥቶኛል። በደንባችን የእያንዳንዱ ጄት ወረቀት በየራሱ መደርደሪያ ብቻ ይቀመጣል። የእሜቴና የመንትያዋ መደርደሪያዎች ፊት ለፊት ናቸው፣ በመካከላቸው ሦስት እርምጃ አለ፤ እነዚያን ሦስት እርምጃዎች በቀን መቶ ጊዜ ስሄዳቸው ኖሬ ሁለቱን ዶሴዎች አንድ ላይ ከፍቼ አላውቅም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ከፈትኳቸው። ሠላሳ ስምንቱን ቢጫ ወረቀቶችና አራቱን ማራዘሚያዎች በቀናቸው ቅደም ተከተል ወለሉ ላይ ደረደርኳቸው፤ ከበሩ እስከ ጠረጴዛዬ ደረሱ። ቫልቩ በዚያ ማክሰኞ ስድስት ቀኑ ሳይሆን አራት መቶ አሥራ ስድስት ቀኑ ነበር።

ዋናዎቹን በአንድ ዶሴ አስሬ ትናንት ለፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት አስረክቤያለሁ፤ የድምፅ መቅረጫው ቅጂ ከቃሌ ጋር ተያይዟል። ቃሌ አጭር ነው፦ የምት ሥርዓቱን አውቅ ነበር፣ ቫልቩን አውቅ ነበር፣ ማኅተሙ የእኔ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ከአልጋዋ አጠገብ፣ ተከሳሾች የሚቆሙበት ቦታ ላይ እንድቆም በጽሑፍ አመልክቻለሁ። የጥገና ኃላፊውም ጥሪ ደርሶታል፤ መምጣት ይችል እንደሆነ ሲጠየቅ ለመጀመሪያ ጊዜ «አይቻልም» ብሏል። የክቡርነትዎ ፊርማ ያረፈባቸው አራቱ ደብዳቤዎች ከዶሴው አናት ላይ ስለሆኑ ዳኛው መጀመሪያ የሚያገኙት እርስዎን ነው። የችሎቱ ክፍል ጠባብ እንደሆነ፣ አልጋዋም ቦታ እንደሚይዝ አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ወንበር ባይደርስዎ ቅር እንዳይልዎ።

ብረቱ ሁሉ ደህና በሆነበት፣ ሰው ግን አንድም ደህና ባልሆነበት የአሥራ አንድ ዓመት መዝገብ ፊት ራሴን ዝቅ አድርጌ፣ ለመሥሪያ ቤትዎ ፍጥነት፣ ለማኅተምዎ ለጋስነት፣ ለመርማሪዎ ጨዋነት ያለኝን ወሰን የሌለው አድናቆት ደግሜ እየገለጽኩ፣ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት በአካል እስክንተያይ ድረስ በታላቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

የቴክኒክ ሰነዶች ክፍል መዝገብ ያዥ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ካሸግሁ በኋላ የዶክተር ባለቤት ከመሥሪያ ቤትዎ በባለቤታቸው ስም የተጻፈ ደብዳቤ ይዘው መጡና ምን እንደሚመልሱ ጠየቁኝ። መካኒኩ የመስማት ችሎታ ምርመራ ጊዜው ስላለፈበት በአካል ቀርቦ እንዲመረመር፣ ካልቀረበም የሥራ ፈቃዱ እንደሚታገድ ይገልጻል። እሱ መምጣት ስለማይመቸው መርማሪዎ ወደ እሱ እንዲሄድ በትህትና እለምናለሁ። መቃብሩ ከአየር ማረፊያው አጥር ውጭ ነው፤ ቦታውን እኔ አሳያለሁ፤ ጫማውን ግን መጥረግ አያስፈልገውም። ሟቹ ይስማ አይስማ እርግጠኛ አይደለሁም፤ መሥሪያ ቤትዎ ግን አንድን ነገር በአካል ሄዶ የመረመረ የመጀመሪያ ሠራተኛውን ያገኛል።